እንቁራሪታችን ለምለም አዲስ ቤት ከገባች ወዲህ ቡናማ ሆናለች፣ አትበላም፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እናት ከአሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ11 ዓመት ልጄ አንዲት የዛፍ እንቁራሪት አለቻት፣ አውስትራሊያ የሚገኘው ያ ወፍራሙ አረንጓዴ ዓይነት። ስሟ ለምለም ነው። ሁለት ዓመት አብራን ስትኖር አንድም ቀን አሟት አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከድሮዋ ትንሽ ሳጥን አውጥተን ቁመቱ 24 ኢንች የሆነ አዲስ የመስታወት ቤት ውስጥ አስገባናት። ልጄ የልደት ብሯን አጠራቅማ ነው የገዛችው። ባለቤቴ አርብ ማታ የምትወጣበትን ቅርንጫፍ በሲሊኮን አጣበቀላት፣ እኔ ተክል ገዝቼ አስገባሁ፣ ከሥር ጠጠር አነጠፍን። ሲያዩት ያምራል። እሷ ግን ከገባች ጀምሮ ሌላ ፍጥረት ሆነች። አረንጓዴነቷ ጠፍቶ ቡና መሰለች። ቀን ቀን የውሃ ሳህኗ ውስጥ ተዘፍዝፋ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ እየዘለለች ከመስታወቱ ጋር ስትላተም እንሰማታለን፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ተልጧል። ምግቧን፣ ክሪኬት የሚባለውን ፌንጣ መሰል ነፍሳት፣ ስንሰጣት ዞር ብላ አታይም። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ውሃው የቧንቧ ነው፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድሬ ነው የምሰጣት። ልጄ ከትምህርት ቤት እየደወለች «እማ፣ ሞተች እንዴ?» ትለኛለች። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ዴንቨር

እህቴ አይዞሽ። እኔ ሦስት እንደሷ ያሉ አሉኝ፣ ትልቁ 12 ዓመቱ ነው። ቤት ሲቀየርባቸው አንድ ሁለት ሳምንት መደበቅና አለመብላት ያለ ነገር ነው። ያደገች ጤነኛ እንቁራሪት ሳምንት ባትበላ አትሞትም። ቡናማ መሆኗም ብቻውን በሽታ አይደለም፣ ሲበርዳቸውና ሲጨንቃቸው ይጠቁራሉ።

መጀመሪያ ሙቀቱን ለኪ። ቀን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፣ በፋራናይት ከ75 እስከ 85 ገደማ። ለትንሹ ሳጥን ይበቃ የነበረው አምፖል ለዚህ ረጅም ቤት ላይበቃ ይችላል፣ ከላይ ሞቆ ከታች ቀዝቅዞ ታገኚዋለሽ። መስታወቱን በሦስት ጎን ከውጭ በወረቀት ሸፍኚው፣ መስታወት መሆኑ ስለማይገባት ነው የምትላተመው። ቅጠል ጨምሪላት፣ የምትሸሸግበት ከሌለ ትፈራለች። ወደ ድሮው ሳጥን ግን አትመልሻት፣ እያንዳንዱ ዝውውር አዲስ ድንጋጤ ነው።

ዓሣና ውሃ

ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ እኔ የምጠረጥረው ውሃውን ነው። ዓሣ ሳረባ በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። በባልዲ ማሳደር ክሎሪን ያስወጣል፣ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት የውሃ ማጽጃ) ግን አያስወጣም። በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧ ውሃ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት ያለው ደግሞ ክሎራሚን ነው። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፣ ውሃውን በሆዷና በጭኗ ቆዳ ነው የምትመጥጠው፣ ስለዚህ ሳህኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። የዓሣ ዕቃ መሸጫ ሂጂና የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግዢ፣ ጠርሙሱ ላይ ክሎራሚንንም እንደሚያጠፋ የተጻፈ መሆን አለበት። ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ሳህኗ ውስጥ አታድርጊ፣ ማዕድን የለውም፣ ከሰውነቷ ጨው ይስባል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቴርሞሜትር አስገባሁ፣ ከታች 66 ፋራናይት ነው የሚለው! ውሃውን በተመለከተ ግን፣ ድሮም ከዚሁ ቧንቧ ነበር ስላት ልጄ አረመችኝ፣ እሷ ለካ እስካሁን የታሸገ የምንጭ ውሃ ነበር የምትሰጣት፣ እኔ ነኝ ከቅዳሜ ወዲህ የቀየርኩት። ደግሞ ቤቱ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይሸታል ትላለች።

የማታ ተረኛ

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ሆኜ ነው የምሠራው፣ ሐኪም አይደለሁም። የዴንቨሩ ወንድማችን ያለው በሌላ ጊዜ ልክ ነው፣ አታዘዋውሯት። አሁን ግን አውጪያት፣ ዛሬውኑ። ያ የአቼቶ ሽታ ያልደረቀው ሲሊኮን ነው፣ ሲደርቅ አሲድ ያተናል። አርብ ማታ ተጣብቆ ቅዳሜ መግባቷ በጣም ፈጥኗል። ቆዳዋ እርጥብና ስስ ነው፣ በእሱም ጭምር ነው የምትተነፍሰው።

የድሮው ሳጥን ውስጥ ጠጠርም አፈርም ሳታደርጊ በታከመ ውሃ የረጠበ ነጭ ፔፐር ታወል አንጥፊ፣ መሸሸጊያና የውሃ ሳህን ጨምሪ፣ ሌላ ምንም። ወረቀቱን በየቀኑ ቀይሪ። እንደዚህ ሲሆን ዓይነ ምድሯንም ታያለሽ። ስትይዣት እጅሽን በደንብ ታጥበሽ፣ ሳሙናው ጨርሶ ለቆ፣ ሎሽን ሳይኖር፣ በታከመ ውሃ አርጥበሽ ይሁን። ከነካችኋት በኋላም ልጅቷ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ሰው የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖራቸው ይችላል። በኩሽና ሚዛን በግራም መዝኚያት፣ በሦስት ቀን አንዴ።

ጠጠሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ጣይው። ክሪኬት ስትለቅም አብራ ትውጠውና አንጀቷን ይዘጋዋል። ተክሎቹም ከሱቅ ሲመጡ ፀረ ተባይ ተረጭተው ሊሆን ስለሚችል ቅጠላቸውን በደንብ እጠቢ፣ አፈራቸውን አራግፈሽ በንጹሕ ቀይሪ፣ ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ውጭ ይቆዩ።

ሆዷ ወይም ጭኗ ሥር ከቀላ፣ ካበጠች፣ በጀርባዋ ስትገለብጫት መመለስ ካቃታት፣ ወይም ቆዳዋ ያለማቋረጥ ከተላጠ አትጠብቂ። እንቁራሪት የሚያይ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም አያይም፣ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

የጎባ ልጅ

እትዬ፣ እኔ እንቁራሪት አርብቼ አላውቅም፣ ክረምት ሲመጣ ድምፃቸውን ከሰማሁት በቀር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። አዲሱን ቤት ያስቀመጡት የት ነው? ሳሎን ከሆነ ቡና አጠገብ እንዳይሆን። የእኛ ቤት ቡና ሲፈላ እጣኑ ዓይን አያስገልጥም፣ ሰው እንኳን ያስለናል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ

የኔ ልጅ ተባረክ፣ እንዴት አሰብከው! የድሮው ሳጥን ልጄ ክፍል ነበር። አዲሱ ትልቅ ስለሆነ ሳሎን ነው ያቆምነው፣ ከረከቦቱ አንድ ክንድ አይርቅም። እሁድ ጎረቤቶች መጥተው ሦስቱንም እስኪጠጡ እጣኑ ሲጨስ ነበር የዋለው። ደግሞ መስኮት ሥር ነው፣ ብርዱም ከዚያ ነው ማለት ነው። ማንም ያሰበው የለም።

የማታ ተረኛ

አዎ፣ ጭስ ይጎዳታል፣ እጣንም፣ ሽቶም፣ የአየር ማደሻ የሚረጨውም። ወደ ልጅቷ ክፍል መልሷት። ራስሽን አትውቀሺ፣ ቤቱን ለእሷ ብላችሁ ነው የሠራችሁት።

ዴንቨር

ስለ ሲሊኮኑ አላስተዋልኩም ነበር፣ የማታ ተረኛ ያለችውን ስሚ። እኔ የምጨምረው ክሪኬት በየቀኑ አታቅርቢላት። በሦስት ቀን አንዴ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ሁለት ብቻ፣ ካልሲየም ነስንሰሽ። ካልበላች ጠዋት አውጪያቸው፣ የተራበ ክሪኬት ተኝታ ሳለች ይነክሳታል። ድንገት አፏን እየከፈተች ቆዳዋን ገፍፋ ስትበላ ካያችሁም አትደንግጡ፣ ጤነኛም እንደዚያ ያደርጋል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ (ከ11 ቀን በኋላ)

ዝም ያልኩት እስኪለይላት ብዬ ነው። ያን ዕለት ማታ አውጥተን ልጄ ክፍል መለስናት፣ ውሃውን በጠብታ አከምነው፣ ሙቀቱን ቀን ቀን 78 አደረስነው። በሦስተኛው ቀን ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መታየት ጀመረ። ክሪኬቱን ግን እስከ ስምንተኛው ቀን አልነካችም፣ ክብደቷም ከ58 ግራም ወደ 55 ወርዶ ስለነበር ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤ ነበር። በስምንተኛው ሌሊት ሁለቱንም በላች። ልጄ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ ነው የነገረችኝ። ትናንት 57 ግራም መዘነች፣ አፍንጫዋም ደርቋል። ቀጠሮውን አልሰረዝኩትም፣ ሐሙስ ትታያለች።

ወደ ትልቁ ቤት መቼ ልመልሳት?

የማታ ተረኛ

ደስ ሲል! ቀጠሮውን ባለመሰረዝሽ ጥሩ አድርገሻል። ለሐኪሙ ክብደቷን የጻፋችሁበትን ወረቀትና ትኩስ ዓይነ ምድር በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ትልቁን ቤት ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ዘግታችሁት ክፈቱትና ልጅቷ ታሽትተው፣ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ምንም ካልሸተተ፣ ሙቀቱም ከላይም ከታችም ለሁለት ቀን ሳይዋዥቅ ከቆየ፣ ያኔ አስገቧት። በምሽት ይሁን፣ የድሮ መሸሸጊያዋም አብሯት ይግባ።