አውቶካድ ከዜሮ፦ ቪላ ቤት ሳይሆን የቶርኖ ቤት ድሮዊንግ ነው የምፈልገው

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ናችሁ። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት የምትሠራ እህታችሁ ነኝ። የተማርኩት ማሽኒንግ ነው። በቲ ስኩዌርና በእርሳስ ከሆነ ማንንም አልፈራም። ኮምፒውተሩ ላይ፣ አውቶካድ በሚባለው የድሮዊንግ ፕሮግራም ነው የተቸገርኩት። ደሴ አንድ ቦታ ከፍዬ ሁለት ወር ተመላለስኩ፣ ዳገቱ ላይ በሚኒባስ የፈጀሁት ጊዜ ሳይቆጠር። ያስተማሩን ቪላ መሳልና በስሪዲ ቀለም መቀባት ነው። ፕሪንት እንዴት እንደሚደረግ እንኳ ሳያሳዩን ሰርተፊኬት ሰጡን።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሆንኩላችሁ። የፓምፕ ፍላንጅ (በብሎን የሚታሰረው ክብ ፕሌት) ድሮዊንግ አውጪ ተባልኩ። ውጪው 200 ሚሊ፣ 8 ቀዳዳ። ኤ4 ላይ አልገባ ሲለኝ ሁሉንም በግማሽ አድርጌ ሳልኩት። ዳይሜንሽኑ (የልኬቱ ቁጥር) 100 ሲለኝ በእጄ 200 ብዬ ጻፍኩበት። የብሎኖቹን ክብ (ቀዳዳዎቹ የሚደረደሩበትን) መጀመሪያ ተሳስቼ 150 ብዬ ነበር የለካሁት። 160 መሆኑን ሳውቅ ክቡን አስተካከልኩ፣ ጽሑፉን ግን ረሳሁት። ባለ 10 ሚሊ ፕሌት በ150 ተበሳ። አንድም ብሎን አልገባ። አለቃዬ ምንም አላለኝም፤ እሱ ነው የባሰኝ።

ከየት ልጀምር? ላፕቶፔ ደግሞ 4 ጊጋ ራም ነው።

ጦሳ ስር

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄን ያላበላሸ ድራፍትስማን የለም። እኔ ከዚህ የባሰ አድርጌያለሁ፣ በር ነበር፣ ተይው።

ጥፋትሽ አንድ ነው፣ ከእርሳስ የመጣ ልማድ። ወረቀት ላይ ስትስዪ ወረቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው በስኬል ትስያለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ቦታ አያልቅም። 200 ሚሊ ከሆነ 200 ብለሽ ሳዪው፣ 40 ሜትር መጋዘን ከሆነም 40000 ብለሽ። ስኬል የሚባለው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሌይአውት (የወረቀቱ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ በመስኮቷ በኩል ወደ ወረቀት ስታወጪው ነው። እዛ 1 ለ 2 ትያታለሽ፣ አለቀ። ዳይሜንሽን ላይ በእጅ ቁጥር መጻፍ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሐራም ነው። ቁጥሩ ካላማረሽ የተሳሳተው መስመሩ ነውና መስመሩን አስተካክዪ። ያኔ ክቡን 160 ስታደርጊ ጽሑፉም ራሱ 160 ይል ነበር።

አዲስ ፋይል ስትከፍቺ አካድ አይሶ የሚለውን ምረጪ። አካድ ብቻ የሚለው በኢንች ነው፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚጠፋው።

አሁን ያንኑ ፍላንጅ እንደገና ሳዪው። ሌላ መልመጃ አትፈልጊ። መጀመሪያ ሌየር (እንደ ተደራራቢ ስስ ወረቀት ነው) ክፈቺ፦ ለሚታየው ጠርዝ ወፍራም፣ ለመሃል መስመር ቀጭን ሰረዝና ነጥብ፣ ለተደበቀው ቀጭን ቁርጥራጭ፣ ለዳይሜንሽን አንድ። ኤፍ 8 ስትጫኚ መስመሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል፣ ኤፍ 3 ደግሞ የመሃልና የጫፍ ነጥቦችን ራሱ ይይዝልሻል። ሁለቱን የመሃል መስመሮች አስምሪ፣ ከመሃሉ ባለ 200 ክብ፣ ከዛ በመሃል መስመሩ ሌየር ላይ ባለ 160። ቀዳዳዎቹ መስቀሉ ላይ አይቀመጡም፣ በግራና በቀኙ ናቸው። ስለዚህ ከመሃል ላይን (መስመር መሳያው ትእዛዝ) ጀምረሽ @80<22.5 ጻፊ፣ 80 የ160 ግማሽ፣ 22.5 ማዕዘኑ ነው። ጫፉ ላይ ባለ 18 ክብ አድርጊ፣ መስመሩን አጥፊው፣ ክቧን በፖላር አሬይ (በመሃሉ ዙሪያ እያባዛ በሚደረድረው) 8 አድርጊያት። አንድ በአንድ እንዳትስዪ!

ስትጨርሺ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ወደ ጎረቤቱ መሃል ዲስት በሚለው ትእዛዝ ለኪው። 61.23 ካላለሽ የሆነ ቦታ ስተሻል።

ሐይቅ ማዶ

4 ጊጋ ላይ አዲሱን አውቶካድ አትሞክሪው፣ ቢያንስ 8 ይላል። ተማሪ ከሆንሽ በነፃ ይሰጣሉ፣ ሠራተኛ ከሆንሽ ግን ፈቃዱ ውድ ነው። የተሰበረውን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መቀባበል እዚህ አገር የተለመደ ነው፣ እኔም ጭኜ ነበር፣ ከቫይረስ ጋር መጣልኝ። ሊብሬካድን ጫኚ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሥራው ቱዲ ብቻ ነው፣ ያንቺም ሥራ ቱዲ ብቻ ነው። ሌየሩም፣ ትርፍ መስመር የሚቆርጠው ትሪሙም፣ ትይዩ መስመር የሚያወጣው ኦፍሴቱም አለው። ሴቭ የሚያደርገው በዲኤክስኤፍ ነው፣ እሱን አውቶካዱም ይከፍተዋል። ደንበኛ ዲደብሊውጂ (የአውቶካድ የራሱን ፋይል) ሲልክ ግን አንዳንዱን አይከፍትልሽም፣ ያኔ በዲኤክስኤፍ ላኩልኝ ማለት ነው።

ጦሳ ስር

እሱስ ልክ ነው፤ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ልቀጠር ካለች ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው አውቶካድ ነው። ሊብሬካድ ላይ ጀምሪ፣ የሰው ኮምፒውተር ስታገኚ አውቶካድ ላይ እጅሽን አፍታቺ። አስተሳሰቡ አንድ ነው።

የድሮ ቶርኖ

እኔ ሳዪ አይደለሁም፣ ቆራጭ ነኝ። ልጄ፣ ስትስዪ እኔን አስቢኝ። እጄ ቅባት ነው፣ መነጽሬ ጭጋግ ነው፣ ከማሽኑ ፊት ቆሜ ነው የማየው። ሂሳብ አታሠሪኝ። ከግራ ጠርዝ ይሄን ያህል፣ ከዛኛው ቀዳዳ ያን ያህል እያልሽ ካሰለፍሽው ስህተቱ እየተደማመረ ይሄዳል። ሁሉንም ከአንድ ቦታ ለኪልኝ፣ ፍላንጅ ከሆነ ከመሃሉ። ስምንቱም ቀዳዳ ላይ 18 አትጻፊ፣ አንዱ ላይ 8 ቀዳዳ ዲያሜትር 18 በዪ፣ ይገባኛል። ውፍረቱን ከፊት ለፊት ማየት አልችልም፣ ከጎን ተቆርጦ የሚታየውን አክዪበት። ስንቱ ወጣት ክቡን አሳምሮ ውፍረቱን በስልክ ይነግረኛል።

ደግሞ ኮምፒውተር ከመክፈትሽ በፊት በእርሳስ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጊው። እሱን ትችያለሽ አይደል።

ቦርከና ዳር

ኸረ እግዜር ይስጣችሁ! ትናንት ማታ ሊብሬካድ ላይ ሁለቴ ሳልኩት። መጀመሪያ 61.23 ሳይሆን 62 ምናምን አለኝ፣ ለካስ የመሃል ነጥቡን ሳልይዝ በዓይን ግምት ነው የጫንኩት። ኤፍ 3 እሱ ጋ አውቶካድ ላይ እንዳለው አይሠራም፣ ግን የመሃልና የጫፍ ነጥብ የሚይዙ ቁልፎች አሉት። ሁለተኛው ላይ ልክ መጣ። ከጎን የሚታየውንም ጨመርኩ፣ ጋሼ።

ሦስተኛውን ስጀምር መብራት ሄደ፣ ሴቭ አላደረግኩም ነበር።

ግን አንድ ነገር። በ1 ለ 2 ኤ4 ላይ አወጣሁት፣ በማስመሪያ ስለካው ውጪው ክብ 100 መሆን ሲገባው 97 ነው። ምን አጠፋሁ?

ጦሳ ስር

አንቺ አላጠፋሽም። ፒዲኤፉን ፕሪንት ስታደርጊ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ አሳንስ የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን አጥፊና በትክክለኛ መጠን የሚለውን ምረጪ። ፕሪንት ቤት ከሆነ ያወጣሽው ንገሪያቸው፣ እነሱ ሁሌም ያሳንሱታል።

በየሁለት ደቂቃው ደግሞ ኮንትሮል ኤስ። እዚህ ቤት ሁላችንም የተማርነው እንዳንቺ መብራት ሄዶብን ነው። አውቶካድ ላይ ስትሆኚ ፋይሉ ከተበላሸ ጎኑ ባክ የሚል ቅጥያ ያለው አለ፣ ስሙን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይረሽ ክፈቺው፣ ያለፈውን ሴቭ ታገኚያለሽ።

ቦርከና ዳር

100 ወጣ። አሁኑኑ ለአለቃዬ ላሳየው ነው፣ አዲስ ፕሌት ከፈቀደልኝ ነገ ራሴ ትራፓኖው ጋ እቆማለሁ።

የድሮ ቶርኖ

መጀመሪያ ካርቶን ላይ አውጪና ፓምፑ ላይ ለኪው። ፕሌት ውድ ነው።