የግራ እጄ ዜማውን እየዋጠው ተቸገርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። «ማይ ሌዲ ኬሪስ ዶምፕ» የሚለውን የድሮ እንግሊዝ የሙዚቃ ቁራጭ በኪቦርድ ለመጫወት እየሞከርኩ ነው። ደራሲው አይታወቅም፤ ዕድሜው ከእንግሊዙ ንጉሥ ከሄንሪ 8ኛ ዘመን ሲሆን የእጅ ጽሑፉ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የሐዘን ሙዚቃ ነው ይሉታል፣ እኔን ግን ሊያስጨፍረኝ ይዳዳዋል።

ግራ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁለት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ላይ ብቻ ይመላለሳል፦ በቅኝቱ አንደኛ እና አምስተኛ ኖታ ላይ በተመሠረቱት። ቀኝ እጅ ደግሞ ከላይ እንደፈለገ ይፈስሳል፤ አንዴ ረጋ ይላል፣ አንዴ በትናንሽ ኖታዎች ይሮጣል። ውበቱም እዚህ ጋ ነው።

ያለኝ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው። በፒያኖ ድምፅ ስጫወት ግራ እጄን ለስለስ ማድረግ እችላለሁ፣ ግን የቁራጩ ጣዕም ይጠፋል። ወደ ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ድምፅ ስቀይረው ጣዕሙ ይመጣል፤ ችግሩ፣ እንደ እውነተኛው ሃርፕሲኮርድ ቁልፉን ብጫነውም ባቀለውም ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ያ ድግግሞሽ ዜማውን ይውጠዋል። ኪቦርዱን ለሁለት ከፍዬ የግራውን ድምፅ ቀነስኩ። ሁለት ሰው የሚጫወት መሰለ፣ ደስ አይልም። ፍጥነቱን ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የግራው ምልልስ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ።

በድምፅ ከፍታ መለየት ካልተቻለ የቀረኝ የኖታዎቹ ርዝመት ይመስለኛል። ሃርፕሲኮርድ የምትጫወቱ፣ ዜማው ጎልቶ እንዲሰማ የግራ እጅ ኖታዎችን አሳጥሬ ልነጣጥላቸው ወይስ እያያያዝኩ ልያዛቸው?