እናቴ ሜዲኬይድ ብትጠይቅ ስፖንሰር የሆነልኝ ጓደኛዬ ይከፍላል?

ጠያቂው፦
እናቴ ከደብረ ብርሃን ሜሪላንድ ከመጣች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ዕድሜዋ 67 ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ያን ጊዜ እርሷን በግሪን ካርድ ለማምጣት የእኔ ገቢ ስላልበቃ አብሮ አደጌ ተደርቦ ስፖንሰር ሆነልኝ። የግብር ወረቀቱን በካኪ ፖስታ ይዞ መጥቶ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ፈረመ። ባለፈው ሳምንት እናቴ የስኳር ክኒኗን በቢላዋ ለሁለት ስትከፍል አገኘኋት። «ወጪ እንዳላበዛብህ ብዬ ነው» አለችኝ። በዲቪ የመጡ ጎረቤቶቻችን «ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ ጠይቅላት፣ እኛም አግኝተናል» ይሉኛል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የመንግሥት የሕክምናና የምግብ እርዳታ ማለታቸው ነው። ብጠይቅ ጓደኛዬ ላይ ዕዳ ይመጣበታል? ቤት የገዛው ገና አምና ነው።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ክኒኑን ለሁለት እንዳይከፍሉት ዛሬውኑ ንገራቸው። በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች የሚያስከፍሉት እንደ ገቢ ነው፤ ግሪን ካርድ ከያዙ ስንት ዓመት እንደሆናቸው አይጠይቁም። እኔም እናቴን ያሳከምኳት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ ግን እንደ እናትህ ያለ ሰው ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ለአዋቂ ፉድ ስታምፕም እንደዚያው ነው። በዲቪ መምጣት ይህን አያስቀርም። ጎረቤቶችህ ምናልባት ለልጆቻቸው ይሆናል የወሰዱት፤ ለፉድ ስታምፕ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይጠብቁም።

መልስ 2፦
የዲቪ ሰው አንተና ጓደኛህ የፈረማችሁት አይ-864 የሚባለው የስፖንሰር ቅጽ የለበትም፤ ስለዚህ የእነርሱ ነገር ለአንተ መለኪያ አይሆንም። አይ-864 ውል ነው። የእናትህ ኑሮ ከድህነት መስመር 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ሁለታችሁም ቃል ገብታችኋል። በገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ ቢወስዱ፣ የሰጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ከማንኛችሁም ሊጠይቅ ይችላል፤ ግማሽ በግማሽ አይባልም። አምስት ዓመቱ ከሞላ በኋላም የሁለታችሁ ገቢ የእርሳቸው ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ውሉ የሚያበቃው ዜግነት ሲያገኙ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል ሥራ) ሲሞላላቸው፣ ግሪን ካርዱን ትተው ከአገር ሲወጡ ወይም ሞት ሲመጣ ነው። ድንገተኛ ሕክምና ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ሌሊት ቢብስባቸው ሆስፒታል ለመውሰድ አታመንታ።

መልስ 1፦
ዋናው መንገድ ዜግነት ነው። ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ የሚፈቀደው ዕድሜው 55 ለሞላና ግሪን ካርድ ከያዘ 15 ዓመት ለሆነው ነው፤ ወይም ዕድሜው 50 ለሞላና ግሪን ካርድ ከያዘ 20 ዓመት ለሆነው። እናትህ እዚያ አይደርሱም። የእንግሊዝኛ ትምህርቱን ከአሁኑ አስጀምራቸው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ፈረቃዬን ቀይሬ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ጓደኛዬ ጋም ማታ እሄዳለሁ። የፈረመው ውል ምን እንደሆነ ከእኔ አፍ መስማት አለበት፤ ያን ቀን እኔም አላውቀውም ነበር።