13ቱ ካልተስማሙ 9ኙ እንዴት በቁ?

እናቴን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና እያስጠናኋት ነው። እሷ ደግሞ ያልገባትን ነገር አትሸመድድም፤ ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እየነገርኳት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ነጻነቱ ድረስ ጥሩ ሄድን። አሜሪካኖቹ ባልተወከሉበት የእንግሊዝ ፓርላማ የተጣለባቸው ቀረጥ፣ በ1773 ቦስተን ወደብ ላይ የተደፋው ሻይ፣ በ1776 ከንጉሥ ጆርጅ 3ኛ መለየታቸው፣ ሁሉም ገብቷታል።

የተያዝነው ከዚያ በኋላ ነው። 13ቱን ግዛቶች ያስተሳሰረው፣ በ1781 የጸደቀው የኮንፌዴሬሽን ውል የጋራ ምክር ቤታቸውን፣ ኮንግረሱን፣ ግብር የመጣል ሥልጣን ነፍጎት ነበር። ውሉን ለመቀየር ደግሞ 13ቱም ግዛቶች መስማማት ነበረባቸው። በ1787 ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች ይህንኑ ውል እንዲያሻሽሉ ነበር የተላኩት። እነሱ ግን አዲስ ሕገ መንግሥት ጽፈው ወጡ። አንቀጽ 7 ላይም 9 ግዛቶች ካጸደቁት ይበቃል አሉ። ከ13ቱ አንዷ ሮድ አይላንድ ተወካይ እንኳ አልላከችም። ያጸደቀችው በ1790፣ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ ነው።

እናቴ ይህን ስትሰማ «የተፈራረሙትን ውል ማን አፍርሱ አላቸው?» አለችኝ። ሕዝቡ በየግዛቱ በመረጣቸው ጉባኤዎች በኩል አጽድቆታል አልኳት። «እሱማ 9 ቦታ ነው፤ የቀሩትስ?» አለች። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ጄምስ ማዲሰን የሀገር ህልውና ይቀድማል ብሎ መከራከሩንም ነገርኳት። እሱ ምክንያት እንጂ ሕግ አይደለም ብላ ዘጋችኝ። እውነቷን ነው።

ሕግ ወይም የአሜሪካ ታሪክ ያጠናችሁ፣ የድሮው ኮንግረስ ሰነዱን ራሱ ለግዛቶቹ መላኩ እንደ ሕጋዊ ፈቃድ ይቆጠራል ወይስ 9ኙ ግዛቶች የቀድሞውን ውል ጥሰው ነው የወጡት?