የቤት ውስጥ የበረዶ ሆኪ ፎቶግራፍ፦ ብዥታውን መቼ ልከላከለው፣ መቼስ ልፍቀድለት?

ጠያቂ፦ የሚኒሶታዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሚኒሶታ ሲሆን የ10 ዓመቱ ልጄ የበረዶ ሆኪ መጫወት ከጀመረ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። አዲስ አበባ ላሉት አያቶቹ ጨዋታው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ስል ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ፤ ከማነሳቸው ውስጥ ግን ለመላክ የሚበቁት በጣም ጥቂት ናቸው። ሌንሴ ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ነው፤ ሩቁን አቅርቤ ሳነሳ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። በዓይኔ ነጭ ሆኖ የማየው በረዶ በፎቶው ላይ አመድማ ይሆናል፤ የልጄ ጠይም ፊትም ከሄልሜቱ ሥር ጨልሞ ይቀራል። በተከታታይ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ደግሞ አንዱ ቢጫ፣ ቀጣዩ ደብዛዛ፣ ሦስተኛው ደህና ሆኖ ይወጣል፤ በመካከሉ ምንም ቅንብር አልነካሁም።

ከሁሉ በላይ ልጠይቅ የፈለግሁት ግን ስለ ብዥታ ነው። ባለፈው ሳምንት ሹተሩን (ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነውን መዝጊያ) በስህተት 1/40 ሰከንድ ላይ ትቼው ኖሮ፣ ካነሳኋቸው መካከል በአንዱ ፎቶ የልጄ ፊትና የማሊያው ቁጥር ጥርት ብለው፣ እግሮቹና ከኋላው ያለው አጥር ግን እንደ ጅረት ፈስሰው ወጡ። እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ ፍጥነቱን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። ያን ዓይነቱን ፎቶ በስህተት ሳይሆን አስቤበት ማንሳት የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ ከቶሮንቶ

ውድ እኅቴ፣ ከጨለማው ልጀምር። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ይሠራል። ፍሬሙን ነጭ በረዶ ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ይቀንሰዋል፤ በረዶው አመድ የሚመስለው፣ ፊትም ጥላ የሚውጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአውቶማቲክ የሚያነሱ ከሆነ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ካሜራው የወሰነውን ብርሃን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገውን ቅንብር) ከ+1 እስከ +1.3 ማድረግ ይረዳል፤ እኔ ግን ወደ ማኑዋል (ቅንብሩን ራስዎ ወደሚወስኑበት) እንዲሄዱ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በቤት ውስጥ ሜዳ ላይ ያለው ብርሃን ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ያው ነው፤ የሚለዋወጠው በፍሬሙ ውስጥ የሚገባው የበረዶ መጠንና የማሊያው ቀለም ብቻ ነው፤ አውቶማቲኩን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ልጆቹ ሲያሟሙቁ ጥቂት ፎቶዎችን አንስተው ሂስቶግራሙን (በግራ ጨለማውን፣ በቀኝ ብሩሁን የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ) ይመልከቱ፤ የበረዶው ክምር ወደ ቀኙ ጠርዝ ተጠግቶ፣ ግን ሳይጋጭ፣ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ ቅንብሩን አይንኩት።

ስለ ጠይም ፊት ግን ከዚህ ትንሽ አልፌ እናገራለሁ፤ ይህን ጉዳይ ብዙዎች ችላ ይሉታልና። በረዶውና ፊቱ አብረው የማይስማሙበት ጊዜ ከመጣ ለፊቱ ይፍረዱ። ምንም ምልክት የሌለበት ባዶ በረዶ ከልክ በላይ ነጭቶ በጥቂቱ ቢነድ የሚጠፋ ነገር የለም፤ የልጁ ዓይን ከጠፋ ግን ፎቶውም የለም። ፋይሉን በጄፔግ ሳይሆን በሮው (ካሜራው የያዘውን መረጃ ሁሉ በሚያቆየው የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፤ ከጥላው ውስጥ በኋላ የሚያወጡት ብዙ ነገር ይኖራል። በረዶው ራሱም ከታች ወደ ላይ ብርሃን የሚመልስ ትልቅ አንጸባራቂ ስለሆነ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ሲገፋ የሚነሳው ፎቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከሚነሳው ይልቅ ከሄልሜቱ ፍርግርግ በስተኋላ ያለውን ፊት አብርቶ ያሳያል።

ቀለሙ የሚቀያየረው ከመብራቶቹ የተነሣ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ ብዙዎቹ የአዳራሽ መብራቶች በሰከንድ 120 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዛሉ። ዓይናችን ይህን አይለየውም፤ ለ1/500 ሰከንድ ብቻ የሚከፈት ሹተር ግን ከዚያ ምልልስ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ብቻ ይደርሰዋል፤ ቁራጯ በፈዘዘው በኩል ካረፈች ፎቶው ቢጫና ደብዛዛ ይሆናል። ካሜራዎ አንቲ ፍሊከር የሚባለው ቅንብር ካለው ያብሩት፤ ሹተሩ መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ይከፈታል።

አሁን ወደ ብዥታው። የ10 ዓመት ልጅ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢንሸራተት በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው፤ በ1/500 ሰከንድ ውስጥ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/30 ሰከንድ ውስጥ ግን 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ1/500፣ በኤፍ 5.6 እና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400 የተስተካከለ ፎቶ ካገኙ፣ ሹተሩን ወደ 1/30 ሲያወርዱ አይኤስኦውን ወደ 400 ማውረድ ይችላሉ፤ የብርሃኑ መጠን አይለወጥም። ከዚህ የተነሣ ብዥታ ያለው ፎቶ ከቆመው ይልቅ ኖይዝ (በፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) የሌለው፣ ቀለሙም የጠራ ይሆናል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት የጠሩትን ፎቶዎች በ1/500 ያግኙ፤ ሙከራውን ለመጨረሻው ክፍል ያቆዩት።

መልስ፦ የበረዶ ሸርተቴ አባት፣ ከስቶክሆልም

ከላይ በተጻፈው አብዛኛው እስማማለሁ፤ ሙከራውን ለመጨረሻ ማቆየት በሚለው ላይ ግን የተለየ አሳብ አለኝ። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ልጆቹ ይደክማሉ፣ ፍጥነታቸውም ይቀንሳል፤ ለብዥታ የሚሆነው ጉልበት ያለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ለአያቶች የሚላክ ፎቶ ደግሞ ለጋዜጣ እንደሚሠራ ሰው በእያንዳንዱ ግብ ላይ መድረስን አይጠይቅም። በ1/1000 የተነሳ ተንሸራታች፣ በረዶ ካልተረጨበት ወይም ሰውነቱ ካላዘነበለ፣ በበረዶ ላይ የቆመ ሐውልት ይመስላል።

የእኔ ልጅ የምትወዳደረው በፊገር ስኬቲንግ (በበረዶ ላይ በዝላይና በሽክርክሪት በሚደረገው ስፖርት) ስለሆነ ፍላሽ ጨርሶ አይፈቀድልንም፤ በዝላይ መካከል ያለችን ልጅ ዓይን ማደናገር አደጋ ነውና ክልከላው ተገቢ ነው። በዚህ ምክንያት በዝግተኛ ሹተር መሥራትን ተማርኩ። ልጅቱ በአንድ ቦታ ስትሽከረከር ግንዷ ምሰሶ ሆኖ ስለሚቆም በ1/60 እንኳ መሃሏ በመጠኑ ይጠራል፤ የተዘረጉት እጆቿ ግን ወደ ክብ ይለወጣሉ። በሰከንድ 2 ዙር ብትሽከረከር በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 12 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለዓይን የሚበቃው ብዥታ ይኸው ነው። ዝላይ ከሆነ ግን ወደ 1/800 ከፍ እላለሁ፤ በአየር ላይ የተበላሸ ፊት ማንንም አያስደስትም።

እዚህ ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ መብራቱ የሚፈዘው 100 ጊዜ ነው፤ በ1/100 ወይም በ1/50 ሳነሳ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምልልስ ስለሚገባ የቀለሙ መቀያየር ይጠፋል። ለእርስዎ ቁጥሮቹ 1/125፣ 1/60 እና 1/30 ናቸው። ካሜራዎ ድምፅ አልባ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ካለው በአዳራሽ ውስጥ አይጠቀሙበት፤ በበረዶው ላይ የተጋደሙ ጥቁር መስመሮችን ሊያመጣ፣ ቀጥ ያለውንም የሆኪ ዱላ አጣምሞ ሊያሳይ ይችላል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ከሆኑ ሌንሱን አስጠግተው በቀጥታ ያንሱ፤ አጋድለው ሲያነሱ መስታወቱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል።

መልስ፦ ፎቶ አንሺ፣ ከአዲስ አበባ

በበረዶ ሜዳ ዳር ቆሜ አላውቅም፤ ነገር ግን ፓኒንግ የሚባለውን፣ ካሜራውን ከሚንቀሳቀሰው ጋር አብሮ እያዞሩ የማንሳትን አነሳስ የተማርኩት በጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ስለሆነ፣ የሰውነቱ አያያዝ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጁን በማንቀሳቀስ ነው። እግርዎን ፎቶውን ወደሚያነሱበት ቦታ አቅጣጫ ይትከሉ፤ ልጁ ከሚመጣበት በኩል ከወገብዎ ዞረው ይጠብቁት፤ ክርንዎን ከጎንዎ ጋር አጣብቀው አብረውት ይዙሩ። አዝራሩን ከተጫኑም በኋላ መዞርዎን አያቋርጡ፤ ፎቶው የሚበላሸው በአብዛኛው በዚያች የመጨረሻ ቅጽበት ሰው ቀጥ ስለሚል ነው። ደግሞም ልጁ በፊትዎ ጎን ለጎን ማለፍ አለበት፤ ወደ እርስዎ የሚመጣ ከሆነ በእያንዳንዱ ቅጽበት መጠኑ ስለሚያድግ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢዞሩ አይጠራም። ከጨዋታው በፊት በመንገድ ዳር ቆመው በሚያልፉ ብስክሌቶች ላይ ይለማመዱ። በሌንስዎ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ቁልፍ የፓኒንግ አማራጭ ካለው እርሱን ይምረጡ፤ አለበለዚያ እንቅስቃሴዎን ሊታገለው ይችላል።

ጠያቂ፦ የሚኒሶታዋ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ በማሟሟቂያው ሰዓት ቅንብሩን በማኑዋል ወስኜ ጨዋታውን ሙሉ አልነካሁትም፤ የልጄ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ቀለም ወጣ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በ1/60 ጀመርኩ፤ ትንንሽ ልጆች ስለሆኑ ብዥታው እምብዛም አልታየም፤ ስለዚህ ወደ 1/30 ወረድኩ። በዚያ ካነሳኋቸው 140 ፎቶዎች መካከል የተረፉት 6 ናቸው። በአንዱ ልጄ በአጥሩ ጎን እየበረረ ሲያልፍ ዓይኖቹ ፓኩ (በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ) ላይ ናቸው፣ ከጫማው ብረት ሥር የሚነሳው የበረዶ ዱቄት ረጅም ነጭ ክር ሆኗል፣ ከኋላው የተቀመጡት ወላጆችም ወደ ቀለም ሰረዞች ተለውጠዋል። እርሱን ለአያቶቹ ልኬላቸዋለሁ። አሁን የሚቀረኝ ጥያቄ ስለ ግብ ጠባቂው ነው፤ እርሱ ብዙ ጊዜ ቆሞ ሌሎቹ በዙሪያው ሲሮጡ፣ ካሜራውን ሳላዞር በዝግተኛ ሹተር ባነሳው ስንት ሰከንድ ይሻል ይሆን?