ባሕር ዳርን በባጃጅ ሰልፍ ማስጎብኘት፦ ከቶኪዮ የካርት ጉብኝት ምን መውሰድ ይቻላል?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

በባሕር ዳር በአስጎብኚነት የምሠራ ሰው ነኝ። እንግዶቼን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት፣ በመኪና ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ አደርሳለሁ፤ ከተማዋ ራሷ ግን በመርሐ ግብራችን ውስጥ ከምሳና ከመኝታ ያለፈ ቦታ የላትም። በቅርቡ ቶኪዮን ጎብኝተው የመጡ አንድ እንግዳ፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ በማይሉ ጣሪያ አልባ ካርቶች ተሳፍረው፣ አንድ መሪ ከፊት እየቀደማቸው የሺቡያን መስቀለኛ መንገድ ሲያልፉ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳዩኝ። ስለ ቶኪዮ ባወሩ ቁጥር ከቤተ መቅደሱም ከሙዚየሙም አስቀድመው የሚያነሡት ያንን ጉዞ ነበር።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቶኪዮው አሠራር በሕግ በኩል በምን ላይ የቆመ ነው? ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው በዋና መንገድ ላይ እንዲነዳ እንዴት ተፈቀደለት? ሁለተኛ፣ እኛ ካርት ባይኖረንም ባጃጅ ስላለን፣ ጥቂት ባጃጆችን አሰልፎ ከተማዋን በግማሽ ቀን ውስጥ ማሳየት ቢታሰብ ምን ዓይነት መሥመርና ምን ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል? የምታውቁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የምሥራቅ ተጓዥ

ለትምህርት ጃፓን በቆየሁበት ጊዜ እነዚህን ጉብኝቶች በቅርብ ስላየኋቸው የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ። ካርቶቹ የሞተር መጠናቸው ከ50 ሲሲ የማይበልጥ ቢሆንም፣ በጃፓን የመንገድ ትራፊክ ሕግ ዘንድ የሚቆጠሩት እንደ መኪና ነው። ስለዚህ ነጂው የመኪና መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ሄልሜት እንዲያደርግ ሕጉ ባያስገድደውም ወደ ፈጣን መንገድ መግባት አይፈቀድለትም። አደጋና የነዋሪዎች ቅሬታ እየተደጋገመ ሲመጣ የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር የወንበር ቀበቶንና የጎማ መሸፈኛን የመሳሰሉ ግዴታዎችን ጨምሯል።

ያገኘ ሁሉ ይነዳል ማለት ግን አይደለም። ጃፓን የምትቀበለው እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ በተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የተሰጠን ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ስምምነት ውስጥ ስለሌለች፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ሲመላለስ የኖረ የአገራችን ሾፌር እንኳ ቶኪዮ ደርሶ ካርት ላይ ልውጣ ቢል በሩ ላይ ይመለሳል። አሜሪካ የሚኖር ወገናችን ግን ከዚያው ያወጣውን ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይዞ ቢመጣ ይነዳል፤ የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው ደግሞ ሕጋዊ የጃፓንኛ ትርጉሙን አያይዞ ካቀረበ ይፈቀድለታል። አስጎብኚዎቹ ይህን ሰነድ ሳያዩ ቁልፍ አይሰጡም፤ ፎቶ ኮፒም አይቀበሉም።

በእኔ እምነት ጉብኝቱን አጽንቶ የሚይዘው መኪናው ሳይሆን ከፊት የሚቀድመው አስጎብኚ መሪ ነው። ከመነሣታቸው በፊት የእጅ ምልክቶችን ያስተምራቸዋል፤ መንገዱ የግራ መሥመር ስለሆነ እንደ እኛ በቀኝ መንዳት የለመደውን እንግዳ ከራሱ ኋላ አስጠግቶ ያሰልፈዋል። የትራፊክ መብራት ሰልፉን ለሁለት ሲቆርጠው ያለፉት ዳር ይዘው ይቆማሉ እንጂ የቀሩት በቀይ መብራት እንዲከተሏቸው አይጠበቅም። መሪው እየነዳ ብዙ ማብራራት ስለማይችል የሚናገረው ሲቆሙ ነው፤ እንግዳው በቶኪዮ ታወር ሥር ሲያልፍ ስለ ታወሩ የሚሰማው ነገር ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከጉብኝትነቱ ይልቅ ጨዋታነቱ ያመዝናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኩባንያዎቹ አንዱ ለእንግዶቹ የታወቀውን የቪዲዮ ጨዋታ ገጸ ባሕርያት አልባሳት ያከራይ ስለነበር፣ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ኒንተንዶ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሶት በ2020 በይግባኝ ፍርድ ቤት 50 ሚሊዮን የን እንዲከፈለው ተወስኖለታል። እርስዎም ለማስታወቂያ ብለው የሌላ ሰው ፈጠራ የሆነ ሥዕል ባጃጆቹ ላይ ከመለጠፍ ቢቆጠቡ ይሻላል።

ባለ ሦስት እግር

የባጃጅ ባለንብረት ነኝ፤ መሪውንም ራሴ እይዛለሁ። ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እንግዳውን ግን መሪ እንዳያስይዙት። ባጃጅ የመኪና መሪ የለውም፤ ማርሹ የሚቀየረው ፍሪሲዮኑን በግራ እጅ ጨብጦ እጀታውን በማዞር በመሆኑ፣ መኪና የለመደ ሰው መታጠፊያ ላይ ግራ ይጋባል፤ ሲፈጥንም መገልበጥ ይመጣል። ከዚያም በላይ ለባለ ሦስት እግር የሚሆን መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ጉዳት ቢደርስ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ ማለት ከጣጣ አያድንም። እንግዳው ይቀመጥ፣ እኛ እንንዳ።

ስለ አቀማመጡ ደግሞ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ከኋላ ሦስት ሰው ይቀመጣል ተብሎ ሦስት ቢጭኑ፣ መካከል ያለው ከሾፌሩ ጀርባ በስተቀር የሚያየው የለም። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑም ረዘም ያለ ፈረንጅ የሰውን እግርና የሱቁን ደጃፍ እያየ ይሄዳል እንጂ የዘንባባውን ጫፍ ለማየት አንገቱን ማውጣት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ በአንድ ባጃጅ ከሁለት ሰው በላይ አይጫን፤ የጎኑ ሸራ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይታሰር፤ መስታወቱን የሚጋርደው ጌጣጌጥም ይነሣ። ቴፑ ቢዘጋ ደግሞ እሰየው። ወደ ቤዛዊት ዳገት ሲወጡ ጭነት የበዛበት ባጃጅ እያቃሰተ ስለሚጎተት፣ ሁለት ሰው መጫኑ እዚያ ላይ ዋጋው ይታያል።

ሌላው ስምሪት ነው። እኛ የምንሠራው በተመደብንበት መሥመር ሲሆን፣ ኮንትራት ይዤ ነው ቢሉም ሦስት አራት ባጃጅ ተከታትሎ ከመሥመሩ ውጭ ሲሄድ ትራፊክ ማስቆሙ አይቀርም። አስቀድመው በማኅበራችን በኩል ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አመልክተው፣ መሥመሩና ሰዓቱ የተጻፈበት ደብዳቤ በእያንዳንዱ ባጃጅ ውስጥ ቢኖር ክርክሩ ያጥራል። ክፍያውም ለሾፌሩ በምልልስ ሳይሆን በሰዓት ይሁን፤ በምልልስ የሚከፈለው ሾፌር እንግዳው ፎቶ ሲያነሣ ሰዓቱን እያየ ጡሩንባ ይነፋበታል።

ፔዳ ሰፈር

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ተቃውሞ ግን አለኝ። የሐይቁ ዳርቻ መንገድ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርበት፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚቀመጥበት ስፍራ ነውና የባጃጅ ሰልፍ በምንም ምክንያት ወደዚያ መግባት የለበትም። ባጃጆቹ ውጭ ቆመው እንግዶቹ በእግራቸው ወርደው፣ ከደንገል የሚታሰረውን ታንኳ ቀርበው አይተው ይመለሱ።

ስለ መሥመሩ ብጠየቅ፣ መነሻውን ቅዱስ ጊዮርጊስ አደርገዋለሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመጣው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ስሙ የሚነሣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ብዙ አስጎብኚ ወደ ጀልባው ሲጣደፍ ያልፈዋል። ከዚያ በዘንባባው ጎዳና ሲጓዙ ሊነገር የሚገባው የከተማዋ የራሷ ታሪክ ነው። ባሕር ዳር በዕቅድ የተስፋፋች ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ መሠራቱ፣ ፖሊ የምንለው የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ መከፈቱ፣ ትንሿ የሐይቅ ዳር መንደር በአጭር ጊዜ እንዴት እንደተለወጠች ያሳያል። ይህን የሚናገር አስጎብኚ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሁሉም ስለ ገዳማቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ የሰማዕታት ሐውልት፣ ከዚያም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይመጣል። ድልድዩ 380 ሜትር ርዝመት ያለውና ለእግረኛም ለብስክሌትም የተለየ መሥመር የተሠራለት በመሆኑ፣ እንግዶቹን በአንደኛው ጫፍ አውርዶ በእግራቸው አሻግሮ በሌላኛው ጫፍ መቀበል ይቻላል። ዓባይ ከጣና ተለይቶ መንገዱን የሚጀምርበትን ስፍራ ከዚያ በላይ ምቹ ሆኖ የሚያሳይ ቦታ በከተማው ውስጥ የለም፤ ዕድለኛ የሆነ ሰው ጉማሬም ያያል። መጨረሻው ቤዛዊት ይሁን፤ እዚያ ያለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ጥበቃ ያለበት ስለሆነ ግን ካሜራ ከማውጣት በፊት ጥበቃዎቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቀን የገበያው ግርግር ሰልፉን ስለሚበታትነው ሌላ ቀን ይመረጥ።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ፦ እኔ በፊተኛው ባጃጅ ስሄድ ከኋላ ያሉት እንግዶች ጥያቄ ቢኖራቸው ማን ይመልስላቸዋል?

ባለ ሦስት እግር

ፊተኛው ላይ አይቀመጡ፤ መንገዱን እኛ እናውቀዋለን። በእያንዳንዱ ማረፊያ ወደሚቀጥለው ባጃጅ እየተዛወሩ ከሁሉም ጋር ይጓዙ። ለዚህም ሲባል እርስዎ ያሉበት ባጃጅ አንድ እንግዳ ብቻ ይዞ ይነሣ፤ በየማረፊያው እርስዎ ወደሚገቡበት ባጃጅ ካሉት እንግዶች አንዱ ወደለቀቁት ቦታ ይዛወራል። ለመጀመሪያው ሙከራ ሦስት ባጃጅ ከበቂ በላይ ነው፤ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ሾፌር የሁለቱ ፊተኞች ስልክ ይኑረው።