ቴኒስ፦ ሁለተኛ ሰርቭ ላይ እጄ ይደርቃል፣ ግጥሚያው ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው

ጠያቂ፦ ወገን ድረሱልኝ! ልምምድ ላይ ሁለተኛ ሰርቬ (የመጀመሪያው የማስጀመሪያ ምት ሲከሽፍ የምመታው) ይገባል፤ ነጥብ መቆጠር ሲጀምር ግን እጄ ድርቅ ይላል። ዛሬ በአንድ ሴት (የጨዋታው አንድ ክፍል) ብቻ 7 ዳብል ፎልት፤ ሁለቱም ሰርቭ ከሽፎ ነጥቡን ሰጠሁ። «ተረጋጋ» አትበሉኝ፣ እንዴት እንደምረጋጋ ንገሩኝ።

ግራኙ፦ መረጋጋት በቅደም ተከተል ነው የሚመጣው። በነጥብና በነጥብ መካከል 25 ሰከንድ አለህ። ነጥቡ እንዳለቀ ለመረቡ ጀርባህን ስጥ፣ ራኬቱን ወደማትመታበት እጅህ አዛውር፤ የሚመታው እጅ ያኔ ይፈታል። ዓይንህን የራኬቱ ክር ላይ አድርግ፣ ተመልካች አትይ። በአፍንጫህ 4 እየቆጠርክ ሳብ፣ በአፍህ 6 እየቆጠርክ አውጣ፣ ሁለት ጊዜ። የት እንደምትመታ ሰርቭ የሚመታበት መስመር ጋ ሳትደርስ ወስን። ከዚያ ኳሷን 4 ጊዜ አንጥረህ ምታ። መስመሩ ላይ ቆሞ ማሰብ የጀመረ ሰው እጁ ይታሰራል።

አቢቹ፦ ኳሷን ጠበል አስጠምቃት 😄 ቀልዱ ይቆየንና ዋናው ትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽ! ማውጣቱ ከመሳቡ ይርዘም።

ሸክላ ሜዳ፦ ሁላችሁም ጭንቀት ነው ብላችሁ ተነሳችሁ። ኳሷ የምታርፈው የት ነው? መረብ ላይ ወይስ ሳጥኑን (ሰርቭ ማረፍ ያለበትን ክልል) አልፋ? አዲስ አበባ ከሆንክ ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የተለመደው ኳስ ይበርራል። ሕጉ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ የፈቀደው ለዚህ ነው። የነገውን ኳስ ቆርቆሮ አንብብ።

ጠያቂ፦ አዎ አዲስ አበባ። ግን አብዛኛው መረብ ላይ ነው የሚቀረው።

ሸክላ ሜዳ፦ እንግዲያው ኳሱን ተወው። «እንዳትወጣብኝ» ብለህ ስትገፋት ክንድህ ይዘገያል፣ ስፒኑ (የኳሷ ሽክርክሪት) ይጠፋል፣ ወደ ላይ የምትወረውራትም ዝቅ ትላለች። ኳሷን ሳጥን ውስጥ የሚያወርዳት ስፒን ነው፣ ስፒን ደግሞ ፈጣን ክንድ ይፈልጋል። ከመረቡ 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ አልም። እጀታውን ጨምቀህ አትያዝ፤ ሙሉ ጉልበትህ 10 ከሆነ 4 ይበቃል። የእጀታ አያያዝህን ግን ዛሬ ማታ እንዳትቀይር!

የመስመር ዳኛ፦ የግራኙ ጥሩ ነው፣ ግን 25 ሰከንዱ ለመጀመሪያው ሰርቭ ነው። ከፎልት (ከከሸፈ ሰርቭ) በኋላ ሕጉ ሳትዘገይ ምታ ይላል። ለሁለተኛው ያጠረ ይኑርህ፦ አንድ ረጅም ትንፋሽ አውጣ፣ 2 ጊዜ አንጥር፣ በልብህ «ወደ ላይ» በል፣ ምታ። ዛሬ ማታ ዓይንህን ጨፍነህ ይህንኑ 5 ደቂቃ አስበው፤ እንደ ተመልካች ከውጭ ሳይሆን ከራስህ ዓይን፣ የመጀመሪያው ኳስ መረብ ከነካበት ጀምረህ። ነገ ስታሟሙቅ ደግሞ 10 ሁለተኛ ሰርቭ፣ እያንዳንዱን በዚሁ ቅደም ተከተል።

ግራኙ፦ ስለ ሰከንዱ ልክ ነህ፣ እኔ አልለየሁትም።

አቢቹ፦ ወንድሜ፣ ግጥሚያው እንዴት ሆነ?